ባለ 20ም ባለ 40ም የሚጭነው ተሳቢ፦ ስምንት ወር በጣርማ በር መንገድ

ሦስት ሜትር። ይህን ተሳቢ እንድወደው ያደረገኝ መጀመሪያ ይቺ ሦስት ሜትር ናት።

ከሞጆ ደረቅ ወደብ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ጭኜ ደብረ ብርሃን እመጣለሁ። የምጎትተው ባለ 40 ጫማ ሃይቤድ፣ ማለትም ወለሉ ዝርግ የሆነ ተሳቢ ነበር። ከባድ ባለ 20 ከሆነ የሚቀመጠው መሀል ላይ ነው። ክብደቱ ከፊትም ከኋላም እንዲካፈል ሌላ ምርጫ የለም። መጋዘኑ ጋ ደርሼ ወደ ኋላ ስጠጋ የተሳቢው ጭራ ማራገፊያውን ይነካል። የኮንቴይነሩ በር ግን ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ቀርቷል። ፎርክሊፍት እዚያ አይደርስም። ጫኝና አውራጆቹ እያንዳንዱን ካርቶን በትከሻቸው ይዘው ያችን ሦስት ሜትር ይመላለሳሉ። በሰዓት የሚያልቅ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ማለዳ ግማሽ ቀን ቆሞ መጠበቅ ምን እንደሆነ የቆመ ሰው ያውቀዋል።

ቤቴ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ከባድ መኪና ስነዳ 17 ዓመት ሆነኝ። መንገዴ በአብዛኛው ከሞጆ ደብረ ብርሃን ነው። ሥራ ሲገኝ ደግሞ በጣርማ በር ወርጄ፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፌ ኮምቦልቻ እደርሳለሁ። ያለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ ባለንብረቱ የሚረዝምና የሚያጥር ተሳቢ አመጣ። «አንተ ያዘው። ስድስት ወር፣ ስምንት ወር ንዳውና እውነቱን ንገረኝ። ጥሩ ከሆነ ሁለተኛ እጨምራለሁ» አለኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ተረከብኩ። የምጽፈው ለእሱ የነገርኩትን ነው። ብዙ ሹፌሮችና ባለንብረቶች ስለጠየቁኝ ለሁሉም ይድረስ ብዬ ነው። የማን ሥሪት እንደሆነ አልጠቅስም። የምለው በየትኛውም የዚህ ዓይነት ተሳቢ ላይ ይሠራል።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ወለል የለውም። ከላይ ሲታይ አጥንቱ የቀረ ተሳቢ ይመስላል። ሻንሲው ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው ብረት የኋለኛው ውስጥ ይገባል፤ የድሮ ሬዲዮ አንቴና እንደሚመዘዘው ማለት ነው። ሲያጥር ባለ 20 ጫማ ይሸከማል። ሲረዝም ባለ 40 ወይም ሁለት ባለ 20 ይሸከማል። በየማዕዘኑ የኮንቴይነር ቁልፎች አሉት። በመሀል ደግሞ ለሁለተኛው ባለ 20 የሚነሱና የሚተኙ ተጨማሪ ቁልፎች አሉ። ሁለቱን የሻንሲ ክፍሎች አንድ አድርገው የሚይዟቸው ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ወፋፍራም ፒኖች ናቸው። በአየር ይወጣሉ፤ በስፕሪንግ ተመልሰው ይገባሉ። ስለነዚህ ፒኖች ወደ ኋላ ብዙ እላለሁ።

ልኩን የማያውቅ ካለ፦ ባለ 20 ኮንቴይነር 6.06 ሜትር ይረዝማል። ባለ 40ው 12.19 ሜትር ነው። ሁለት ባለ 20 ጫፍ ለጫፍ ስታስቀምጡ በመካከላቸው ስምንት ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ክፍተት ብቻ ይቀራል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ሁለቱ በአንዱ ቦታ እንዲገቡ ታስቦ ነው። ኮንቴይነርን በመርከብ መጫን እንዲስፋፋ ያደረገው ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ ራሱ የጭነት መኪናዎች ባለቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 አንድ አሮጌ የነዳጅ መርከብ ላይ 58 ሣጥኖች ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ላከ። እኛ በየቀኑ የምናዞረውን ቁልፍ ያበጀው ደግሞ ከእሱ ጋር የሠራው መሐንዲስ ኪት ታንትሊንገር ነው። ነገሩ የእኛ ሙያ ሰው ያሰበው መሆኑ ደስ ይለኛል።

ሌላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባለ 20ው ስላጠረ ቀላል ይመስላቸዋል። በብዛት የሚገኙት ባለ 20ም ባለ 40ም ከነጭነታቸው እስከ 30.48 ቶን እንዲሸከሙ ነው የተሠሩት። ይሄ በእኛ አቆጣጠር ከ300 ኩንታል በላይ ነው። ባለ 40ው ብዙ ጊዜ የሚጫነው ጥጥ፣ ጨርቅ፣ የተዘጋጀ ልብስ ነው። ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም። ብረት፣ ሴራሚክ፣ ኬሚካል የሚመጣው በባለ 20 ነው። ስለዚህ በጣም የሚያስጨንቀው አጭሩ ነው። ሙሉ ክብደቱ ስድስት ሜትር ላይ ተከማችቷል።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። የእኛ መንገድ ባይሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ጣርማ በር ይወጣል፤ እዚያ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩት 587 ሜትር ርዝመት ያለው ዋሻ አለ። ዋሻውን አልፋችሁ ስትወጡ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር የጠፋ ይመስላል። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ደብረ ሲና ይወርዳል። አርማንያን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ጋቢ ደርበህ ተነስተህ ቀትር ላይ ሸሚዝህን ትፈታለህ። ከባድ መኪና ለያዘ ሰው ይህ ሁሉ ቁልቁለት ሞተር ፍሬን፣ ማርሽና ትዕግሥት ነው።

ባለ 40 ተሳቢ በዚያ ጠመዝማዛ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ጎማ ዱካ አይከተልም። ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ተሳቢው በረዘመ ቁጥር ይበልጥ ይቆርጣል። በውስጥ በኩል ቦይ ካለ ቦዩ ውስጥ ይገባል፤ ገደል ካለ ወደ ገደሉ ይጠጋል። ስለዚህ የሌላውን መስመር ወስደህ ሰፋ አድርገህ መዞር አለብህ። ረዳቱ ወርዶ ከፊት ያለውን መኪና ያስቆማል። ጉም ባለበት ቀን ይሄ ነፍስ የሚያስጨንቅ ሥራ ነው። የምታየው የራስህን መብራት ብቻ ነው።

ተሳቢውን አሳጥሬ ባለ 20 ጭኜ መጀመሪያ የወረድኩ ቀን ግን ሌላ መኪና የያዝኩ መሰለኝ። የኋላ ጎማው ከሳቢው፣ ማለትም ተሳቢውን ከሚጎትተው የፊት መኪና ብዙም አይርቅም። ጠመዝማዛዎቹን በራሴ መስመር ዞርኩ። ደብረ ሲና ደርሰን ቆሎ ልንገዛ ስንቆም ረዳቴ «ጋሼ፣ አንድም ቦታ አልወረድኩም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከጣርማ በር እስከዚያ አንድም ጊዜ ከጋቢናው አልወረደም። ለእኔ የዚህ ተሳቢ ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ጭነቱ አጭር ከሆነ መኪናህም አጭር ይሆናል። ባለ 40 ሃይቤድ ይዘህ ባለ 20 ስትጭን የማትጠቀምበትን ስድስት ሜትር በየጠመዝማዛው ትጎትታለህ።

ያቺ ሦስት ሜትርም ቀረች። ተሳቢው አጥሮ ባለ 20 ሲቀመጥበት የኮንቴይነሩ በር ከተሳቢው ጭራ ጋር እኩል ነው። ማራገፊያው ላይ ተጠግቼ በሩን ስከፍት ፎርክሊፍቱ ቀጥ ብሎ ይገባል። የመጋዘኑ ሰዎች መጀመሪያ ቀን ሲያዩ ሳቁ፤ ከዚያ «በዚህኛው ብቻ ና» አሉኝ።

መልስ ጉዞው ላይ ደግሞ ይረዝማል። ባዶ ኮንቴይነር በጊዜው ካልተመለሰ በየቀኑ ቅጣት ይቆጥራል፤ አስመጪውም ትራንዚተሩም ይጨቀጭቃሉ። ድሮ አንድ ባለ 20 አራግፌ አንድ ባዶ ይዤ እመለስ ነበር። አሁን አራግፌ፣ አስረዝሜ፣ ሁለት ባዶ ባለ 20 እጭናለሁ። ባዶ ባለ 20 ከሁለት ቶን ትንሽ በላይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ብትጭን ሳቢው አይሰማውም።

እስካሁን ያመሰገንኩትን ያህል የሚጎድለውንም መናገር አለብኝ።

ወለል ስለሌለው ከኮንቴይነር ሌላ ምንም አይጭንም። ይሄ ለባለንብረት ትልቅ ነገር ነው። የማዳበሪያ ወቅት ሲመጣ ሃይቤድ ያለው ሁሉ ጆንያ ይጭናል። እኛ ቆመን አየን። እህል አይጭንም። ሲሚንቶ አይጭንም። የኮንቴይነር ሥራ ሲቀዘቅዝ ተሳቢውም ይቀዘቅዛል። አንድ መኪና ብቻ ያለው ሰው፣ የኮንቴይነር ውል በእጁ ከሌለ፣ ይህን አይግዛ። በግልጽ ነው የምለው። ሁለትና ሦስት መኪና ላለው፣ አንዱን ለኮንቴይነር ብቻ መመደብ ለሚችል ሰው ግን ይሆናል።

ክብደቱም አለ። አንዱ ብረት በሌላው ውስጥ ስለሚገባ ከማይረዝመው አቻው ይከብዳል። የተሳቢው ክብደት በጨመረ ቁጥር ሚዛን ላይ ለዕቃ የሚቀርልህ ይቀንሳል። ከባድ ባለ 20 የሚጭን ሰው ይህን ከመጀመሪያው ማስላት አለበት።

የተሳቢው ሦስት አክስሎች (ጎማዎቹን የሚይዙት ዘንጎች) በጠባብ ቦታ ሲዞሩ ጎማ ይልጣሉ። በተለይ ግቢ ውስጥ ሙሉ መሪ አዙረህ ስትጠጋ የመጨረሻው አክስል ጎማ ወደ ጎን ይጎተታል። አስፋልቱ ላይ ጥቁር ሲቀር ታየዋለህ። ጎሚስታዬ ከስድስት ወር በኋላ የኋላውን ጥንድ ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለት ቀን የደረሰብኝ ነው። ሁለቱንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ነሐሴ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ኮምቦልቻ ባለ 40 ወስጄ ነበር። አራግፌ ለመልስ ባለ 20 አገኘሁ። ጥሩ ክብደት ያለው የፋብሪካ ጥሬ ዕቃ። ተሳቢው ረዝሟል። ላሳጥረው ይገባ ነበር። ግቢው ግን ጭቃ ነበር፤ ዝናቡ አላቆም ብሏል፤ ክሬኑም ሌላ ሰው ይጠብቃል። «ኋላ ላይ አስቀምጡልኝ፤ እንደዚሁ እሄዳለሁ» አልኩ። ኮንቴይነሩ በረጅሙ ተሳቢ ጭራ ላይ ተቀመጠ። ቁልፎቹ አራቱም ተዘጉ። እስከ ሸዋ ሮቢት ሜዳው ላይ ምንም አልተሰማኝም። መሪው ብቻ ትንሽ ቀለለብኝ።

ከደብረ ሲና በላይ ዳገቱ ሲጠነክር ነገሩ ገባኝ። ክብደቱ ሁሉ ኋላ፣ በተሳቢው አክስሎች ላይ ነው። በሳቢው ኋላ ጎማ ላይ የሚጫነው ትንሽ ነው። መንገዱ ረጥቧል፤ ጉሙም ወርዷል። አንድ ጠመዝማዛ ላይ የሚገፋው ጎማ ሾረ። ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው አይንቀሳቀስም። ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ማለት ጀመረ። ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ፍሬን ያዝኩ፤ የተሳቢውን ፍሬን ቆለፍኩ። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ታኮ ከጎማው ሥር ከተተ። ከዚያ ከኋላ የሚመጣውን ለማስቆም በጉሙ ውስጥ እየሮጠ ወረደ። ዲፍ ሎክ (የሚገፉት ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያደርገውን) አስገብቼ፣ በመጀመሪያ ማርሽ፣ እንደ ኤሊ ወጣሁ። ሰፊ ቦታ እስክናገኝ ድረስ አንድ ቃል አልተናገርንም።

ስህተቱ የእኔ ነው። ተሳቢው ምንም አላጠፋም። ኮንቴይነሩን የት እንደምታስቀምጥ ይፈቅድልሃል፤ የት እንደሚሻልህ ግን አይነግርህም። ኮንቴይነሩ ወደ ፊት በተጠጋ ቁጥር ክብደቱ ወደ ሳቢው ይሄዳል። ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ሳቢው ይቀላል። የሳቢው ኋላ ጎማ መሬቱን ካልያዘ ጣርማ በር አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ከባድ ባለ 20 ከሆነ፣ ጭቃ ይሁን ዝናብ ይሁን፣ ሳላሳጥር አልጭንም። ክሬኑ ይጠብቅ።

ሁለተኛው ኅዳር ላይ ነው። ይሄኛው የበለጠ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ምንም ምልክት አልነበረውም።

ከደብረ ብርሃን ልንወጣ ነው። ማለዳ ነው። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ባለ 40 ስለምንጭን ተሳቢውን ማስረዘም አለብን። አሠራሩ ይሄ ነው፦ ሜዳና ጠንካራ መሬት ትመርጣለህ። ሳቢውና ተሳቢው አንድ መስመር ላይ ቀጥ ይላሉ። ተሳቢው ባዶ መሆን አለበት። የተሳቢውን ፍሬን ትቆልፋለህ፤ ጎማው ሥር ታኮ ትከታለህ። ፒኖቹን በአየር ታወጣለህ። ከዚያ በመጀመሪያ ማርሽ ቀስ ብለህ ሳቢውን ወደ ፊት ትነዳለህ። የኋላው ክፍል በፍሬኑ ተይዞ ይቆማል፤ የፊተኛው ይመዘዛል። ረዳቱ ከጎን ሆኖ ቀዳዳው ሲደርስ እጁን ያነሳል። ትቆማለህ። ፒኖቹን ትለቃለህ፤ ገብተው ይቆልፋሉ። ለማሳጠር ደግሞ ያንኑ ወደ ኋላ እየነዳህ ነው። ልምድ ካለህ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ያን ቀን ሁሉንም አደረግን። የቫልቩን እጀታ ወደ መቆለፊያው መለስኩት። «ቷ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ለእኔ አልቋል። ረዳቴ ግን እንደ ልማዱ ሥር ገባ። እኔ ያስተማርኩት ነው፤ እሱ ግን ከእኔ ይበልጥ ይጠነቀቃል። በጣቱ ዳሰሰ። «ጋሼ፣ የግራው ገብቷል። የቀኙ ግማሽ ላይ ነው» አለ። ወርጄ አየሁ። እውነትም ፒኑ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆሟል። የሰማሁት ድምፅ የግራው ብቻ ነበር።

ፒኑ ለምን እንዳልገባ ስንመረምር ምክንያቱ ሁለት ሆነ። አንደኛ፣ ግራሶው አቧራ ጠጥቶ፣ በብርዱም ተጠናክሮ ነበር። ሁለተኛው ግን የሚያናድድ ነው። ከወር በፊት አንድ ጋራዥ የቀዳዳውን ዙሪያ በብየዳ አጠናክሮልን ነበር። የብየዳው ጠብታ የቀዳዳው አፍ ላይ ቀርቶ፣ ላዩ ቀለም ተቀብቷል። ማንም ሊያየው አይችልም። ለጋራዡ ስነግራቸው «ምን ችግር አለው፣ ሲነዳ ራሱ ይገባል» አሉኝ። ይህን መልስ እስካሁን አልረሳሁትም። አንድ ፒን ብቻ ይዞ ከጣርማ በር ስትወርድ፣ ፍሬን ስትይዝ የኋላው ክፍል ከነኮንቴይነሩ ወደ ፊት ይገፋል። ያን ሁሉ ጉልበት አንድ ፒን ይሸከማል ማለት ነው። እሱ ቢቆረጥ ከኋላህ የሚመጣው ምን እንደሆነ ማሰብ አልፈልግም። ከታች ደብረ ሲና አለ። መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ ልጆች አሉ።

ራሳችን በሞረድ አስተካከልነው። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ዘግይተን ወጣን፤ ማንም አልተቆጣኝም።

ከዚያ ወዲህ ያለን ሥርዓት ይሄ ነው። ሁለቱም ፒኖች በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅ ይዳሰሳሉ። ቀጥሎ የተሳቢው ፍሬን እንደተቆለፈ ሳቢውን በቀስታ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ አንዴ እንነካዋለን። ፒኑ ከያዘ ሁለቱ ክፍሎች ምንም አይላወሱም። ቀጥሎ የአየር ቱቦውና የኤሌክትሪክ ገመዱ ይታያል። ሲረዝም ይወጠራሉ፤ ሲያጥር ደግሞ ተጣጥፈው በብረቱ መሀል ሊቀረቀሩ ይችላሉ። አንዴ ቱቦ ተቀርቅሮ አየር ሲያፈስ ሸኖ አካባቢ ደርሰን ነው የሰማነው። የግራሶውን አሠራርም ቀየርን። ብረት በብረት ላይ የሚንሸራተትበትን ሁሉ በየሁለት ሳምንቱ አሮጌውን ጠርገን አዲስ እንቀባለን። በላዩ ላይ መጨመር አቧራውን ማጠራቀም ነው። በብርድ ወቅት ከአየር ጋኖቹ ውኃውን በየማለዳው እናፈሳለን። ይህ ለማንኛውም መኪና ነው፤ ለዚህ ግን ፒኖቹም በአየር ስለሚሠሩ እጥፍ ያስፈልጋል።

የኮንቴይነር ቁልፎቹም ሳይረሱ። አራቱም ሲጫን ይዘጋሉ፤ አራቱም ከመራገፉ በፊት ይከፈታሉ። አንዱ ሳይከፈት ክሬኑ ኮንቴይነሩን ቢያነሳ ተሳቢው አብሮ ይነሳል። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ከሆነ እሱም ይነሳል። እኔ ክሬን ሲሠራ ጋቢና ውስጥ አልቀመጥም። ረዳቴም አይቀመጥም። ቁልፎቹን ቆጥረን፣ ወርደን፣ ኦፕሬተሩ የሚያየን ቦታ እንቆማለን።

ስለ ከፍታው የሚጠይቁኝም አሉ። ከፍ ያለው ባለ 40 ኮንቴይነር ቁመቱ 2.90 ሜትር ነው፤ ከተለመደው 2.59 ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል። የእኛ ተሳቢ ፊቱ ላይ ጉብ ያለ አንገት አለው። ባለ 40 ኮንቴይነር ከሥሩ ፊት ለፊት ቦይ ስላለው አንገቱ እዚያ ውስጥ ይገባል። በዚህ ምክንያት ኮንቴይነሩ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ከሃይቤድ ጋር ሳወዳድረው በመስታወት የሚታየኝ ልዩነት ትልቅ ነው። ንፋስ ባለበት የጫጫ ሜዳ ላይ መወዛወዙ ይቀንሳል። ዋሻውን ስገባም ልቤ ያርፋል።

የት ላስረዝም፣ የት ላሳጥር ለሚለው ደግሞ በዚህ መስመር ያገኘሁት ይሄ ነው። ደብረ ሲና ላይ አትሞክሩት፤ ሜዳ የለም። ደብረ ብርሃን ግቢ ውስጥ፣ አስፋልት ወይም ኮንክሪት ላይ ይሻላል። ሸዋ ሮቢት ሜዳ ነው፤ ሙቀቱ ግራሶውን ስለሚያለዝበው ፒኑ በቀላሉ ይወጣል። ዳር ላይ ለመንገደኛ ቦታ ትታችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። ጭቃ ላይ በፍጹም። ታኮው ይንሸራተታል፤ ተሳቢው በፍሬን ቢያዝም ጎማው ተቆልፎ ይጎተታል። ከዚያ ሁለቱ ክፍሎች ይጣመሙና አይላቀቁም።

ረዳት ለሌለው ሹፌርም አልመክረውም። አንድ ሰው መሪ ይዞ ቀዳዳውን ማየት አይችልም። ደግሞ ረዳቱ መኪና የሚጠብቅ ልጅ ብቻ ሳይሆን ሥራውን የተማረ መሆን አለበት። የእኔ ረዳት አሁን መንጃ ፈቃዱን ለማውጣት እየተማረ ነው። ያን የኅዳር ማለዳ ጣቱን ባያስገባ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ለባለንብረቱም እንደዚሁ ነገርኩት፤ ደመወዙን ጨመረለት።

ባለፈው ሳምንት ባለንብረቱ ደውሎ ሁለተኛውን ተሳቢ ሊያዝዝ መሆኑን ነገረኝ። «ምን እንዲቀየር ትፈልጋለህ?» አለኝ። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቅኩት። የፒኖቹ ጫፍ ደማቅ ቀይ ቀለም እንዲቀባ፤ ሙሉ በሙሉ ሲገባ ቀዩ እንዲደበቅ፣ ግማሽ ላይ ሲቆም ከሩቅ እንዲታይ። ሁለተኛው፣ ፒኑ ያለበት ቦታ በሌሊትም እንዲታይ ትንሽ አምፖል። ሁለቱንም እሺ ብሏል።